ስኳሩ ፕሮቲን ላይ የሚቀጠለው ሴል ውስጥ ብቻ ነው? ደም ውስጥ የሚዞሩት ኢንዛይሞችስ ምን ይሠራሉ?

ትርሲት_ባዮኬም፦
ሰላም ቤተሰብ። የማስተርስ ርዕስ እየፈለግኩ ነው፣ አንድ ጥያቄ ላይ ግን ተጣብቄ ቀረሁ። ክፍል ውስጥ የተማርነው እንዲህ ነው። ከሴል የሚወጣ ፕሮቲን መጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሴሉ ክፍል ይገባል። እዚያ 14 ስኳሮች ያሉት ሰንሰለት ባንድ ጊዜ አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ይለጠፍበታል። ከዚያ የተወሰነው ይቆረጣል፣ ፕሮቲኑ ጎልጂ ወደሚባለው ቀጣይ ክፍል ያልፋል፣ ጋላክቶስ ይጨመርለታል፣ ጫፉ ላይ ሳያሊክ አሲድ የሚባል ሌላ ስኳር ይደረግለታል። በቃ አለቀ። አንዴ ከሴል ከወጣ ማንም አይነካውም።

ሰሞኑን ግን ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ኤስቲ6ጋል1 ይገኛል የሚል አነበብኩ። ይሄ እኮ ሳያሊክ አሲዱን ጫፍ ላይ የሚያደርገው ኢንዛይም ራሱ ነው! ጎልጂ ሽፋን ላይ ተሰክቶ መኖር የነበረበት። ታዲያ ደም ውስጥ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ጽሑፍ ተራፊ ነገር ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ደም ውስጥ ሆኖ አንቲቦዲ ላይ ስኳር ይቀጥላል ይላል። የቱን ልመን? አማካሪዬን ከመጠየቄ በፊት እዚህ ያላችሁትን መስማት ፈለግኩ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የላብ_ሰው፦
ትርሲት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። መጀመሪያ እንዴት እንደሚወጣ ልንገርሽ። እነዚህ የጎልጂ ኢንዛይሞች ሽፋኑ ላይ የሚሰካ አጭር ጭራ አላቸው፣ ቀጥሎ ግንድ አለ፣ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ከግንዱ ጫፍ ላይ ነው። ግንዱን ሌላ ኢንዛይም ሲቆርጠው ሠራተኛው ክፍል ነፃ ይወጣና ከሌሎቹ ፕሮቲኖች ጋር ተከትሎ ከሴል ይወጣል። ኤስቲ6ጋል1ን የሚቆርጠው ቤዝ1 ነው። አዎ፣ በአልዛይመር ስሙ የሚነሳው ያው ቤዝ1። ይሄ በ2001 ታይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደም ውስጥ የሚገኘው በብዛት ከጉበት የሚመጣ ነው። ብግነት ሲኖር መጠኑ ይጨምራል።

ደግሞ ኤስቲ6ጋል1 ብቻ አይደለም። እኛ በየቀኑ የምንሠራበትን የደም ዓይነት ውሰጂ። ኤ እና ቢ የሚያደርጉት ሁለቱ ኢንዛይሞች የሚለያዩት በ4 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። የኤው ጋልናክ የሚባል ስኳር ይጨምራል፣ የቢው ጋላክቶስ። ኦ ላይ ደግሞ በብዙ ሰው አንድ ፊደል ከጂኑ ጎድላ ንባቡ ሁሉ ተዛብቷል፣ የሚሠራ ኢንዛይም የለም። እና የኤ ሰው ሴረም ውስጥ የኤ ኢንዛይም አለ፣ ይለካል።

አሁን እዚህ ላይ አስቢበት። ለኤ በሽተኛ ኦ ደም እንሰጣለን። የተሰጡት ኦ ሴሎች የኤ ኢንዛይም ባለበት ደም ውስጥ ሳምንታት ይዞራሉ። ግን ኤ አይሆኑም። ከተሰጠው በኋላ ናሙናውን በፀረ ኤ ስንመረምረው ከፊሉ ተጣብቆ ከፊሉ ነፃ ሆኖ ይታያል፣ ሚክስድ ፊልድ የምንለው። የተጣበቁት የራሱ ሴሎች፣ ነፃዎቹ የተሰጡት ናቸው። ስለዚህ ኢንዛይሙ አለ ማለት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። እኔ ከዚህ ነው የምነሳው።

ነርስ_ሐና፦
ይቅርታ በመሃል ገባሁባችሁ። እኔ ባዮኬሚስትሪ ከተማርኩ ቆይቷል፣ ግን ሚክስድ ፊልዱ ገረመኝ። ኢንዛይሙ አለ፣ ሴሉም አለ፣ ታዲያ ለምን አይሠራም? ደም ውስጥ እንደሆነ ስኳር ሞልቷል።

ግላይኮ_ወዳጅ፦
ሐናዬ፣ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያው ላይ ነው። ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር እንዲያያዝ መጀመሪያ ኑክሊዮታይድ የሚባል ሞለኪውል ላይ ታስሮ ጉልበት መያዝ አለበት። ጋላክቶስ ከዩዲፒ ጋር፣ ፉኮስ ከጂዲፒ ጋር፣ ሳያሊክ አሲድ ከሲኤምፒ ጋር። ኢንዛይሙ ያንን ማሰሪያ ሲበጥስ በሚወጣው ጉልበት ነው ስኳሩን የሚያጣብቀው። እነዚህ የታሰሩ ስኳሮች የሚሠሩት ሴል ውስጥ ነው፣ ወደ ጎልጂም በልዩ ማጓጓዣ ነው የሚገቡት። ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል መጠን የለም። ግንበኛው መጥቷል፣ ብሎኬቱ ግን ሳይቱ ላይ የለም።

ብሎኬቱ ካለ ግን ይሠራል። በ1969 ቪየና ውስጥ ከሰው ጨጓራ ሽፋን የወጣ የኤ ኢንዛይም ከዩዲፒ ጋልናክ ጋር ኦ ሴሎች ላይ ሲጨመር ሴሎቹ የኤ ጠባይ አመጡ። ከሴል ውጭ፣ ቱቦ ውስጥ። ስለዚህ ለውጩ ሥራ ዋናው ጥያቄ ኢንዛይሙ አለ ወይ ሳይሆን የታሰረው ስኳር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ትርሲት፣ ይሄንን ጥያቄ የማይመልስ ጽሑፍ ካጋጠመሽ በጥንቃቄ አንብቢው።

ከሴል ውጭ መሥራት ግድ የሆነባቸው ፍጥረታት መላ አላጡም። የጥርስ መቦርቦር የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ያወጣና ተራውን የሻይ ስኳር፣ ሱክሮስን፣ ይጠቀማል። በግሉኮስና በፍሩክቶስ መካከል ያለው ማሰሪያ ራሱ በቂ ጉልበት አለው፣ ኑክሊዮታይድ አያስፈልገውም። እርግጥ እሱ የሚሠራው ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ሰንሰለት እንጂ ፕሮቲን ላይ አይደለም። ፕሮቲን ላይ የሚሠራ ከፈለጋችሁ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ቻጋስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ አለ። ይሄ ጥገኛ ሳያሊክ አሲድ ራሱ መሥራት አይችልም። ገላው ላይ ያለው ትራንስ ሳያሊዴዝ ከኛ ፕሮቲኖች ላይ ሳያሊክ አሲዱን ነቅሎ በቀጥታ ሙሲን የሚባሉት የራሱ ፕሮቲኖች ላይ ይተክለዋል። ሲኤምፒ የሚባል ነገር መሃል አይገባም። እኔ ይሄን ኢንዛይም ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ነርስ_ሐና፦
አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዶክተር_ውስጥ_ደዌ፦
ከክሊኒክ በኩል አንድ ነገር ልጨምር፣ ለምን ይሄን ያህል ሰው እንደሚጨነቅበት እንዲታይ። አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ሁሉ ግንዱ ላይ፣ 297ኛው አስፓራጂን ላይ፣ የስኳር ሰንሰለት አለው። በ1985 የሩማቶይድ አርትራይተስ በሽተኞች አይጂጂ ላይ ጋላክቶስ እንደሚጎድል ታወቀ። እርግዝና ላይ ጋላክቶሱ ይጨምራል፣ ብዙዎቹ እናቶችም በእርግዝና ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ይሻላቸዋል፣ ከወለዱ በኋላ ይመለስባቸዋል። ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ስኳሩ ብቻ ነው ምክንያቱ ግን አልልም። ሆርሞኑም፣ ሌላውም አለ።

ከዚያ በ2006 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ራቬች ቡድን ከዚያው ሰንሰለት ጫፍ ላይ ሳያሊክ አሲድ ያለው አይጂጂ በአይጦች ላይ ብግነት እንደሚያበርድ አሳየ። ለአንዳንድ በሽታ በደም ሥር የምንሰጠው ከብዙ ሺህ ለጋሾች የተሰበሰበ አይጂጂ፣ አይቪአይጂ፣ የሚያበርደው በዚህ መንገድ ነው የሚል ሐሳብ መጣ። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ አሁንም ክርክር አለበት። ግን አስቡት፣ ጫፉ ላይ አንድ ስኳር መኖር አለመኖሩ አንቲቦዲውን ከአቀጣጣይ ወደ አብራጅ የሚቀይረው ከሆነ፣ ያንን ስኳር ደም ውስጥ ሳለ መጨመር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የመድኃኒት ጥያቄ ይሆናል። ዋጋው የማይቀመስ አይቪአይጂ ለማግኘት ቤተሰብ ሲንከራተት ያየ ሰው ይሄን ጥያቄ ቀላል አያደርገውም።

ግላይኮ_ወዳጅ፦
ዶክተር ጥሩ አድርገው አስቀመጡት። ቀጣዩ ምዕራፍ በ2016 መጣ። ክሊቭላንድ ያለው የብራያን ኮብ ቡድን ከቢ ሴሎች ላይ ብቻ ኤስቲ6ጋል1ን ያጠፋበት አይጥ ሠራ። አንቲቦዲ የሚሠራው ቢ ሴል ነው። ስለዚህ ሳያሊክ አሲዱ ይጠፋል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አልጠፋም! አይጂጂው ሳያሊክ አሲዱን ይዞ ተገኘ። መደምደሚያው ታዲያ ከቢ ሴል ውጭ፣ ደም ውስጥ፣ ከጉበት በመጣው ኢንዛይም ይጨመራል የሚል ሆነ። ለታሰረው ስኳር ምንጭ ደግሞ ፕሌትሌቶች፣ ደም የሚያረጉት ትንንሽ ሴሎች፣ ተጠቆሙ። ፕሌትሌት ሲነቃ የሚለቀው ነገር ውስጥ የታሰሩ ስኳሮች አሉ። ባፋሎ ያለው የጆሴፍ ላው ላብራቶሪም ከዚያ በፊት ጀምሮ ከሴል ውጭ ስለሚሠራው ኤስቲ6ጋል1ና ስለ ፕሌትሌት ብዙ ሠርቷል።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ ቆይ። 2016 ላይ አቁሞ መሄድ ትርሲትን ያሳስታታል። ታሪኩ እኮ ቀጥሏል። በ2020 ጀርመን ውስጥ የሠሩ ሰዎች ስኳሩ የተለያየ አይጂጂ አዘጋጅተው አይጥ ውስጥ ከተቱና ቆይተው መልሰው አዩት። ደም ውስጥ ሳለ የተቀየረው በጣም ትንሽ ነበር። ከዚያ በ2022 የዚያው የኮብ ቡድን ራሱ፣ ልብ በሉ ራሱ፣ ፕላዝማ ውስጥ ያለው ኤስቲ6ጋል1 ለአይጂጂ ሳያሊክ አሲድ አያስፈልግም ብሎ አሳተመ። የጉበቱን አጥፍተው ከደም ውስጥ ኢንዛይሙን ቢቀንሱትም አይጂጂው አልተነካም። የራሱን ሐሳብ ፈትኖ ውጤቱን እንዲህ በግልጽ የሚያወጣ ቡድን ክብር ይገባዋል፣ ግን ውጤቱን ማንበብ የኛ ፈንታ ነው።

ግላይኮ_ወዳጅ፦
ልክ ነህ፣ ወደዚያው ልመጣ ነበር። ግን ከ2022ቱ ተነስቶ ከሴል ውጭ ምንም አይሠራም ማለትም አይቻልም። እነሱ ያሳዩት በጤናማ ሁኔታ፣ ለአይጂጂ፣ የፕላዝማው ኢንዛይም ግድ እንዳልሆነ ነው። ብግነት ያለበት ቦታ ሌላ ነው። በ2018 ቦስተን የሮበርት አንቶኒ ቡድን ሁለቱን ኢንዛይሞች፣ ጋላክቶስ የሚጨምረውንና ሳያሊክ አሲድ የሚጨምረውን፣ ከአንቲቦዲ ግንድ ጋር አያይዞ ደም ውስጥ እንዲቆዩ አደረጋቸው። የታመሙ አይጦች ውስጥ ሲከታቸው መገጣጠሚያውም ኩላሊቱም ላይ ብግነቱ ቀነሰ። የታሰረ ስኳር አልጨመረም። ፕሌትሌቶች በሚነቁበት፣ ብግነቱ ባለበት ቦታ ላይ ነው የሠሩት። ጤናማው ደም ውስጥ ብሎኬት የለም፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ግን ይገኛል። ሁለቱ ውጤቶች ለኔ አይጣሉም።

ተጠራጣሪው፦
በዚህ እስማማለሁ። እዚያ ኢንዛይሙ ከውጭ በብዛት ተሠርቶ የገባ ነው ግን። ሰውነታችን በራሱ ያንን ያህል ያደርጋል ወይ የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንለያቸው። አንደኛው ሰውነት ያደርገዋል ወይ፣ ሁለተኛው እኛ ማድረግ እንችላለን ወይ። ለሁለተኛው አዎ የሚል ማስረጃ አለ። ለመጀመሪያው ገና ነው።

የላብ_ሰው፦
ፕሌትሌት ከተነሳ እኔን የሚነካ ታሪክ አለ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የደም ባንክ የሠራ ሰው ያውቃል። ቀይ ሴል ፍሪጅ ይገባል፣ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ፕሌትሌት ግን በክፍል ሙቀት፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ እየተወዛወዘ ነው የሚቀመጠው። ማሽኑ ቀንም ሌሊትም ከረጢቶቹን ወዲህ ወዲያ ይላቸዋል። በተለምዶ 5 ቀን ነው ዕድሜው። በክፍል ሙቀት ስለሆነ ባክቴሪያ ያሰጋል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወደዚያ ማሽን ነው የምንሮጠው። ጊዜው አልፎ የሚጣል ከረጢት ሳይ ሁሌ ያመኛል፣ ምክንያቱም በማግስቱ ደም የሚፈስሰው የደም ካንሰር በሽተኛ ይመጣና ባዶ እጃችንን እንቀበለዋለን።

ለምን ፍሪጅ አይገባም? ከቀዘቀዘ በኋላ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ስኳር ነው! ሲቀዘቅዝ ገላው ላይ ያለው ጂፒ1ቢ የሚባለው ፕሮቲን ይሰባሰባል፣ የስኳር ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የተጋለጠውን ግሉክናክ የሚባል ስኳር ጉበት ውስጥ ያሉት ማክሮፋጆች (ዋጭ ሴሎች) ያውቁታል፣ ይውጡታል። የካሪን ሆፍማይስተር ቡድን በ2003 ምን አደረገ? ግሉክናኩን በጋላክቶስ ሸፈነው። እና የሚያምረው ነገር ኢንዛይም መጨመር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ፕሌትሌቱ ገላ ላይ ጋላክቶስ የሚጨምር ኢንዛይም ራሱ አለ። ዩዲፒ ጋላክቶስ ብቻ ጨመሩ፣ ኢንዛይሙ ከሴል ውጭ ሥራውን ሠራ። የቀዘቀዙት ፕሌትሌቶች በአይጥ ደም ውስጥ እንደ ጤነኛ ቆዩ። ያኔ ሁሉም ሰው አሁን ፕሌትሌት ፍሪጅ ሊገባ ነው አለ።

ሰው ላይ ሲሞከር ግን አልሆነም። በ2008 በወጣው ውጤት ለ48 ሰዓት የቀዘቀዘ ፕሌትሌት በጋላክቶስ ተሸፍኖም ቶሎ ጠፋ። ለምን? ቅዝቃዜው ሲረዝም ሳያሊክ አሲዱ እየተነቀለ ከሥሩ ያለው ጋላክቶስ ራሱ ይጋለጣል። ጋላክቶስን ደግሞ የሚያውቅ ሌላ ተቀባይ አለ፣ የጉበት ሴሎች ላይ የሚገኘው አሽዌል ሞረል። ማክሮፋጁን አመለጥን ስንል ጉበቱ ራሱ ያዘን። ጫፉ ላይ ያለው ስኳር ማን እንደሚያነብብህ ይወስናል ማለት ነው። ይሄ ታሪክ ያልተሳካ ነው ብለው ብዙዎች ያልፉታል። እኔ ግን ከሴል ውጭ ያለ ኢንዛይም፣ የታሰረው ስኳር ከተሰጠው፣ በትክክል እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ የለም። የከሸፈው ቅጥያው አይደለም፣ የተቀጠለው ስኳር ምርጫ ነው።

ነርስ_ሐና፦
ይሄን ሳነብ ዝም አልኩ። ያ ማሽን ለምን እንደሚወዛወዝ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዶክተር_ውስጥ_ደዌ፦
የተሳካም አለ፣ እሱም ይመዝገብ። ከእትብት ደም የሚወሰዱ ግንድ ሴሎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ መቅኒ ውስጥ ገብተው እስኪበቅሉ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ መሃል በሽተኛው ነጭ ሴል የለውም። ሴሉ መቅኒ እንዲገባ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ካሉት ሴሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር መያያዝ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ፉኮስ ያለበት ስኳር ያስፈልገዋል። ሂውስተን ውስጥ የኤምዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ሴሎቹን ከመስጠታቸው በፊት ከፉኮስ አጣባቂ ኢንዛይምና ከጂዲፒ ፉኮስ ጋር ለ30 ደቂቃ አቆዩአቸው። 22 በሽተኞች ነበሩ፣ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል የበቀለበት መካከለኛ ጊዜ 17 ቀን ሆነ፣ ቀድሞ እንዲህ ሳይደረግላቸው ከታከሙት 26 ቀን ጋር ሲነጻጸር። ንጽጽሩ ከቀድሞ በሽተኞች ጋር ስለሆነ ጥንካሬው ውሱን ነው። ግን ኒውትሮፊል የሌለው ሰው አልጋ አጠገብ ለቆመ ሐኪም 9 ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ በፊት በ2008 የሮበርት ሳክስታይን ቡድን ሜሰንካይማል የሚባሉ ግንድ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ44 የሚባል ፕሮቲን በዚሁ መንገድ ፉኮስ ጨምሮበት ሴሎቹ አይጥ ውስጥ ወደ አጥንት እንዲሄዱ አድርጓል። ሴሉ አይሞትም፣ ጂኑ አይነካም።

ቡና_ወዳድ፦
የምታወሩት ስለመቀጠል ነው፣ መንቀልስ? ከጥሬ ቡና የወጣ ኢንዛይም ቢ ደምን ኦ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

የላብ_ሰው፦
እውነት ነው። ጥሬ ቡና ፍሬ ውስጥ አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ የቢውን ጋላክቶስ ይነቅላል። የኒውዮርክ ደም ማዕከል ጃክ ጎልድስታይን በ1982 በዚህ የተቀየረ ደም ሰው ውስጥ በሰላም እንደሚኖር አሳይቷል። ለሥራ ግን ኢንዛይሙ በጣም ብዙ ይፈልጋል፣ ኤ ደግሞ በቡናው አይሆንም። ለኤ በ2019 ካናዳ ውስጥ ከአንጀት ባክቴሪያ ጥሩ ጥንድ ኢንዛይም ተገኝቷል። ለመንቀል ውኃ ይበቃል፣ የታሰረ ስኳር አያስፈልግም። ለዚህ ነው ከሴል ውጭ መንቀል የሚቀለው፣ መቀጠሉ ግን እንዲህ የሚያታግለው።

ትርሲት_ባዮኬም፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ የቀረኝ። ኢኦጂቲ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ስሙ ከሴል ውጭ ያለ ግሉክናክ አጣባቂ ነው የሚለው። እሱስ ደም ውስጥ ነው የሚሠራው?

እቅዴንም ልንገራችሁ። ከበጎ ፈቃደኞች ሴረም ወስጄ፣ ሳያሊክ አሲዱ የተነቀለ ፌቱዊን የሚባል ፕሮቲን ልጨምርበት፣ ግማሹ ላይ ሲኤምፒ ሳያሊክ አሲድ ልጨምር፣ ግማሹን እንዲሁ ልተወው። ከዚያ ከሳምቡከስ ተክል በተሠራው ሌክቲን (ስኳር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን)፣ ኤስኤንኤ፣ 2,6 በሚባለው መንገድ የተያያዘው ሳያሊክ አሲድ መጨመሩን ልለካ። ምን ትላላችሁ?

ግላይኮ_ወዳጅ፦
ኢኦጂቲ የሚሠራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ነው። የሚነካቸው ፕሮቲኖች ናቸው በኋላ ከሴል ውጭ የሚገኙት፣ ኖች እና የመሳሰሉት ኢጂኤፍ የሚባል ጥቅል ያላቸው። ጂኑ ሲበላሽ አዳምስ ኦሊቨር ሲንድረም ይመጣል፣ ሕፃኑ የራስ ቅል ቆዳው ሳይሞላ፣ ጣቶቹ ሳይሟሉ ሊወለድ ይችላል። ለአንቺ ጥያቄ ግን አይሆንም፣ ተዪው።

እቅድሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። በሴረም ብቻ አትሥሪ። ሴረም የሚገኘው ደሙ ረግቶ ነው፣ ሲረጋ ፕሌትሌቶቹ ነቅተው የያዙትን ለቀዋል። ሲኤምፒ ያልጨመርሽበት ቱቦ ውስጥ ሥራ ካየሽ ከፕሌትሌቱ የመጣ ይሁን ከደሙ አታውቂም። ፕሌትሌቱ የወጣለት ፕላዝማ ጎን ለጎን ሥሪ። ልዩነቱ ራሱ ውጤት ነው።

የላብ_ሰው፦
ቱቦውንም አስቢበት። ደም እንዳይረጋ ቱቦ ውስጥ የሚደረገው ኢዲቲኤ ማንጋኒዝን ስለሚይዝ ጋላክቶስ የሚጨምረውን ኢንዛይም ያቆምብሻል። ሳያሊክ አሲድ የሚጨምረው ብረት አይፈልግም፣ በኢዲቲኤም ይሠራል። ወደፊት ጋላክቶሱንም መለካት ከፈለግሽ ከወዲሁ በሄፓሪን ውሰጂ። ናሙናው ቶሎ ሴንትሪፊዩጅ ይደረግ፣ ሳይንገላታ፣ አለበለዚያ ፕሌትሌቱ መንገድ ላይ ነቅቶ ይጠብቅሻል።

ተጠራጣሪው፦
ኢንዛይሙን አሙቀሽ የገደልሽበት አንድ ቱቦ ጨምሪ። ሳያሊክ አሲድ በሚነቅለው ኢንዛይም፣ በኒውራሚኒዴዝ፣ ያጸዳሽው አንድ ናሙናም ከኤስኤንኤ ጋር ይሂድ፣ ሌክቲኑ ያለ ሳያሊክ አሲድ የሚጣበቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ማወቅ አለብሽ። እና ሲኤምፒ ያልጨመርሽበት ፕላዝማ ምንም ካላሳየሽ ውጤቱን አትጣይው፣ እንደዚያው ጻፊው።